የሐሩር ወራት የመብራት ሒሳብ፦ አዲስ ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት

ዱባይ፦ ሐምሌና ነሐሴ በኢትዮጵያ ጋቢ የሚደረብባቸው የዝናብ ወራት ናቸው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ግን እነዚሁ ወራት የሐሩሩ ጫፍ ናቸው። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይዘልቃል፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ የማይወርድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የአየር ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ወሩ ሲያልቅ የሚመጣው የመብራት ሒሳብም በጥር ከተከፈለው በእጅጉ በልጦ ይገኛል። በአንድ አፓርታማ ተዳብለው ለሚኖሩ ሠራተኞች ይህ ልዩነት የሚሸፈነው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሀገር ቤት ሊላክ ከታሰበው ገንዘብ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ ወደ ብዙዎች ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው አሮጌውን ማቀዝቀዣ ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። መሣሪያውን መለወጥ ጠቃሚ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ነገር ግን ሙቀት የሚያስገባ ቤት፣ ማጣሪያው በአቧራ የታፈነ መሣሪያ፣ ወይም በአግባቡ ያልተነበበ የኪራይ ውል ባለበት፣ አዲስ ዕቃ መግዛት ገንዘቡን ከአንድ ኪስ አውጥቶ በሌላው ማፍሰስ ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት ሒሳቡ ራሱ ነው።

ሒሳቡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በዱባይ የኤሌክትሪክና የውኃ ባለሥልጣን (ዴዋ) በየወሩ የሚልከው ሒሳብ ሁሉ የመብራት ዋጋ አይደለም። በውስጡ የኤሌክትሪክ ፍጆታ፣ የውኃ ፍጆታ፣ የፍሳሽ አገልግሎት፣ ከነዳጅ ዋጋ ጋር የሚለዋወጥ ተጨማሪ ክፍያ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ እና የመኖሪያ ቤት ክፍያ ይገኛሉ። የመጨረሻው ለማዘጋጃ ቤቱ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ የውጭ ሀገር ዜጋ በሆነ ተከራይ ላይ የሚታሰበው በዓመታዊ ኪራዩ 5 በመቶ ልክ ነው፤ ለ12 ወራትም ተካፍሎ ይከፈላል። በዓመት 48,000 ድርሃም የሚከራይ ቤት በየወሩ 200 ድርሃም በዚህ ስም ይከፍላል ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ቢውል ይህ ገንዘብ አይቀንስም። ስለዚህ ቁጠባ ከመጀመሩ በፊት በኪሎዋት ሰዓት የተጻፈውን ቁጥር ለይቶ ማየትና ካለፈው ወርና ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ደባሎች በሚኖሩበት ቤት ይህን መለየት ጠብንም ይቀንሳል። የመኖሪያ ቤት ክፍያው ከኪራዩ የመነጨ በመሆኑ እንደ ኪራይ ድርሻ መከፈሉ ተገቢ ነው። የኤሌክትሪኩ ፍጆታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛውና ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ የሚሠራለት ሰው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ከሚገባው ጋር እኩል መክፈሉ ሁልጊዜ ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ታሪፉ በእርከን መሆኑ ነው። በዱባይ ለመኖሪያ ቤቶች በሥራ ላይ በቆየው ታሪፍ፣ በወር እስከ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ለእያንዳንዱ 23 ፊልስ፣ ከ2,001 እስከ 4,000 ላለው 28 ፊልስ፣ ከ4,001 እስከ 6,000 ላለው 32 ፊልስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 38 ፊልስ ይከፈላል። በሐሩር ወር 3,000 ኪሎዋት ሰዓት የፈጀ ቤት ለመጀመሪያው 2,000 460 ድርሃም፣ ለቀሪው 1,000 280 ድርሃም፣ በድምሩ 740 ድርሃም ይከፍላል። ይኸው ቤት ፍጆታውን ወደ 2,400 ቢያወርድ ክፍያው 572 ድርሃም ይሆናል። ፍጆታው የቀነሰው በ20 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ ግን ወደ 23 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ምክንያቱም የሚቀነሰው ፍጆታ ምንጊዜም ከላይኛው፣ ማለትም ከውዱ እርከን ላይ የሚነሣ ነው። ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት ከፍተኛውን እርከን የሚነካውም፣ ከቁጠባ ይበልጥ የሚጠቀመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አቡ ዳቢ ስሌቱን በቀን ያደርጋል። ዜጋ ላልሆነ የአፓርታማ ነዋሪ በቀን እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ለእያንዳንዱ 26.8 ፊልስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 30.5 ፊልስ ሲከፈል ቆይቷል። መርሁ ግን አንድ ነው።

ሙቀቱ የሚገባው በየት ነው?

ማቀዝቀዣ ብርድ አይፈጥርም፤ በቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ውጭ ያወጣል። ወደ ቤት የሚገባው ሙቀት በቀነሰ መጠን የሚሠራው ሥራ ይቀንሳል። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በዱባይ ክሪክ ዳር በሚገኘው በአል ፋሂዲ ሰፈር እስከ ዛሬ የሚታዩት የነፋስ ማማዎች፣ በዐረብኛ ባርጂል የሚባሉት፣ ከፍ ብሎ የሚነፍሰውን አየር ወደ ክፍሎቹ ያወርዱ ነበር፤ ግድግዳዎቹ ከባሕር ኮራል ድንጋይና ከጂፕሰም በወፍራሙ የታነጹ፣ መንገዶቹም እርስ በርሳቸው ጥላ እንዲሰጣጡ ጠበብ ያሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰፋፊ መስኮት ያላቸው ሕንጻዎች ይህን ጥበብ ረስተው ሥራውን ሁሉ ለማሽን ትተውታል።

በተለይ አስቸጋሪው ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ነው። ከቀትር በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ትገባለች፤ ወለሉንና አልጋውን አሙቃ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱ እስከ ሌሊት ይቆያል። ወፍራምና ከመስኮቱ ጋር የተጠጋ መጋረጃ፣ በተለይ ውጩ ነጣ ያለ ከሆነ፣ ብዙ ይረዳል። በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ፀሐይን የሚመልስ ፊልም የበለጠ ይሠራል፤ ዋጋው የሚከብድ አይደለም፣ ሆኖም በኪራይ ቤት ከመለጠፉ በፊት አከራዩን ወይም የሕንጻውን አስተዳደር ማስፈቀድ ይገባል።

ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ስንጥቅ ነው። በበር ሥር ብርሃን ከታየ አየር ይገባል፤ በተንሸራታች መስኮት ጠርዝ ያለው የጎማ ማተሚያ ደርቆ ከተሰነጠቀም እንዲሁ። ከመስኮት የሚገጠም ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ደግሞ በመሣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት በካርቶን ተደፍኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በሐሩር ወራት በባሕር ዳር ከተማ የሚገባው አየር ትኩስ ብቻ ሳይሆን እርጥብም ነው። ማቀዝቀዣው ይህን እርጥበት ወደ ውኃነት ለውጦ በቱቦ ለማፍሰስ ብዙ ጉልበት ያወጣል። የበርና የመስኮት ማተሚያ ጎማና የበር ሥር መከለያ በማንኛውም የቤት ዕቃ መደብር በጥቂት ድርሃም ይገኛሉ። ከተደረገው ወጪ አንጻር ከዚህ የበለጠ የሚመልስ ማሻሻያ ማግኘት ያስቸግራል።

ሙቀት ከውስጥም ይመነጫል። 3,000 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሁለት ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሙቀቱና እንፋሎቱ በቤት ውስጥ ከቀረ ደግሞ ማቀዝቀዣው እርሱን ለማውጣት ተጨማሪ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ እንጀራ ማለዳ ወይም ማታ ቢጋገር፣ የወጥ ቤቱ በር ተዘግቶ የአየር ማስወጫው ቢከፈት፣ ለሳምንት የሚበቃውም በአንድ ጊዜ ቢጋገር ልዩነቱ በሒሳቡ ላይ ይታያል። ምጣድና ማቀዝቀዣን በአንድ የማራዘሚያ ገመድ መሰካት ግን የሒሳብ ጉዳይ ሳይሆን የእሳት አደጋ ጉዳይ ነው፤ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

ያለውን መሣሪያ ማስተካከል

በብዙዎች ዘንድ ኤሲ፣ በዐረብኛ ሙከይፍ የሚባለው መሣሪያ በውስጠኛው ክፍሉ የአየር ማጣሪያ አለው። አሸዋና አቧራ በማይጠፋበት በዚህ ሀገር ይህ ማጣሪያ በሐሩር ወራት ቢያንስ በየወሩ፣ መንገድ ዳር በሆነ ቤት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ ይኖርበታል። መሣሪያው ጠፍቶ ማጣሪያው ይወጣል፣ በውኃ ይታጠባል፣ በጥላ ደርቆ ይመለሳል። ከዚህ ያለፈው፣ ማለትም የውስጥ ቧንቧዎችንና የውጭውን ክፍል ማጽዳት፣ የባለሙያ ሥራ ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጠው የውጭ ክፍል ግን ቢያንስ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ልብስ የተሰጣበት ወይም ካርቶን የተደረደረበት ከሆነ የሚያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፣ ፍጆታውም ይጨምራል።

በዚህ ርዕስ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት አንድ የተለመደ አነጋገር አለ፦ «ጋዙ አልቋል» የሚለው። በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ የሚቃጠል አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ሙቀት ይሸከማል እንጂ አያልቅም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይደፈን በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላ ባለሙያ ችግሩን እየፈታ ሳይሆን ቀጣዩን ቀጠሮ እየያዘ ነው። ተከራዩ «የሚያፈሰው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

የሙቀት መጠኑን በተመለከተ ዴዋ በተደጋጋሚ የሚመክረው 24 ዲግሪን ነው፤ በእያንዳንዷ ከፍ የምትል ዲግሪ እስከ 5 በመቶ የማቀዝቀዣ ፍጆታ ሊቆጠብ እንደሚችልም ያስረዳል። ከውጭ ገብቶ ሪሞቱን ወደ 16 ማውረድ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የብርድ መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ዝቅ ሲል የሚለወጠው የሚቆምበት ጊዜ ነው። 24 ዲግሪ የማይበቃ መስሎ ከተሰማ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወበቁ ነው። የአየር ማራገቢያ ከ50 እስከ 70 ዋት ብቻ ወስዶ በሰውነት ላይ የሁለትና የሦስት ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ እንዲሰማ ያደርጋል፤ ሰው በሌለበት ክፍል ግን ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው ነገር ስለሌለ መጥፋት አለበት። በግድግዳ ላይ ቴርሞስታት ባለበት ቤት የአየር ማራገቢያው ማዘዣ «ኦቶ» ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ሳያቋርጥ እንዲነፍስ ከተደረገ በቧንቧው ላይ የተሰበሰበውን እርጥበት መልሶ ወደ ክፍሉ ይነዛል።

ለዕረፍት ወደ ሀገር ቤት የሚሄድ ነዋሪ በነሐሴ ማቀዝቀዣውን ፈጽሞ አጥፍቶ ቢሄድ በልብስና በግድግዳ ላይ ሻጋታ ሊጠብቀው ይችላል። መስኮቱንና መጋረጃውን ዘግቶ 28 ዲግሪ ገደማ ላይ መተዉ ከሻጋታው ጉዳት ይረክሳል።

መሣሪያውን መለወጥ፦ መቼና በማን ወጪ?

ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎም ሒሳቡ ካልወረደ መሣሪያው አርጅቷል ማለት ይቻላል። በገበያው ላይ የሚነገረው «ቶን» የዕቃው ክብደት አይደለም። ስያሜው የመጣው በረዶ ለማቀዝቀዣነት ይሸጥ ከነበረበት ዘመን ነው፤ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። 1 ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ነው። ለአንድ መካከለኛ መኝታ ክፍል 1 ቶን፣ ክፍሉ ከጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ የሚበዛበት ከሆነ 1.5 ቶን ይበቃል። «ትልቅ ይሻላል» ብሎ 2 ቶን ለትንሽ ክፍል መግጠም ጉዳት አለው፦ መሣሪያው ክፍሉን በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ይቆማል፣ እርጥበቱን ለማውጣት ግን ጊዜ አያገኝም። ክፍሉ ብርድና ወበቅ በአንድ ላይ የሚሰማበት ይሆናል።

በሀገሪቱ የሚሸጡ ማቀዝቀዣዎች ከ1 እስከ 5 ኮከብ የተጻፈበት የኃይል ቁጠባ መለያ አላቸው፤ ኮከቡ ሲበዛ ለተመሳሳይ ቅዝቃዜ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ያንሳል። ኢንቨርተር የተባለው ዓይነት ደግሞ ኮምፕረሰሩን እያጠፋና እያበራ ሳይሆን ፍጥነቱን እያስተካከለ ስለሚሠራ፣ ረጅም ሰዓት ለሚበራበት ቤት ይስማማል። በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ለሚከፈት ክፍል ተጨማሪ ዋጋው ላይመለስ ይችላል።

ስሌቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 1.5 ቶን የሆነ አሮጌ መሣሪያ 2,100 ዋት፣ አዲሱ 1,500 ዋት ይወስዳሉ እንበል። ኮምፕረሰሩ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠባል፤ በ28 ፊልስ ሲሰላ ወደ 50 ድርሃም ነው። በስድስቱ የሐሩር ወራት 300 ድርሃም ገደማ ይሆናል። አዲሱ ከነመግጠሚያው 1,800 ድርሃም ቢያስወጣ ወጪው የሚመለሰው በስድስት ዓመት ነው። በየዓመቱ ውሉን ለሚያድስ፣ ነገ ወደ ሌላ ኤምሬት ሊዛወር ለሚችል ተከራይ ይህ ትርፍ አይደለም። ለቤቱ ባለቤት ግን ትርፍ ነው፤ መሣሪያው ከንብረቱ ጋር ይቀራልና።

ሕጉም በዚሁ አቅጣጫ ይሄዳል። የዱባይ የኪራይ ሕግ፣ የ2007 ቁጥር 26፣ በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በኪራዩ ዘመን የቤቱን ጥገና የማከናወን፣ ተከራዩ ቤቱን እንዳይጠቀምበት የሚያደርግ ብልሽትንም የማስተካከል ኃላፊነት የአከራዩ መሆኑን ይደነግጋል። በአንጻሩ ተከራዩ ያለ አከራዩ ፈቃድ በቤቱ ላይ ለውጥ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለው ሐረግ ትልቅ ነው፤ አንዳንድ ውሎች አነስተኛውን ጥገና በተከራዩ ላይ ይጥላሉ፣ የገንዘቡንም ወሰን ይጽፋሉ። ውሉ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ሆኖ ካልተነበበ ከመፈረሙ በፊት የሚያስረዳ ሰው መፈለግ ያዋጣል። ብልሽት ሲኖርም ጥያቄውን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከፎቶግራፍ ጋር ለአከራዩ መላክ ይገባል።

በማዕከላዊ ማቀዝቀዣ የሚኖሩ

በአንዳንድ አዳዲስ ሰፈሮች ቤቱ የራሱ ኮምፕረሰር የለውም፤ የቀዘቀዘ ውኃ ከአንድ ማዕከላዊ ጣቢያ በቧንቧ ይመጣለታል። ኢምፓወርና ታብሪድ የዚህ አገልግሎት ታዋቂ አቅራቢዎች ናቸው። በዚህ ዓይነት ቤት የማቀዝቀዣው ሒሳብ ከመብራቱ ተለይቶ የሚመጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍሎች አሉት፦ አንዱ የፍጆታ፣ ሌላው ቤቱ ለተመደበለት አቅም የሚከፈል ቋሚ ክፍያ። ቋሚው በቅዝቃዜ ወራትም፣ ቤቱ ባዶ ሆኖም ይከፈላል። በኪራይ ማስታወቂያ ላይ «ቺለር ፍሪ» ተብሎ ሲጻፍ የማቀዝቀዣውን ወጪ አከራዩ ይሸከማል ማለት ነው፤ ይህ ግን በማስታወቂያው ላይ ብቻ ሳይሆን በውሉ ላይ መጻፉ መረጋገጥ አለበት። ርካሽ የመሰለ ኪራይ በዚህ አንድ ጥያቄ ምክንያት ከጎረቤቱ ሊወደድ ይችላል።

በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ደግሞ ሒሳቡን ባይከፍሉም ቤቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የትኛው ክፍል ባዶ ሆኖ ማቀዝቀዣው እንደሚሠራ፣ የትኛው በር እንደማይዘጋ፣ የትኛው መሣሪያ ውኃ እንደሚያንጠባጥብ ቀድመው ያያሉ። ይህን ለአሠሪ ቤተሰብ በጊዜው መንገር ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የራሳቸው ክፍል ማቀዝቀዣ ሲበላሽም ነገሩ የምቾት ጥያቄ ሳይሆን የጤና ጥያቄ ስለሆነ፣ ሳይታፈር መነገር ያለበት ነው።

የውኃ ማሞቂያና የቅዝቃዜው ወራት

በዚህ ሀገር የማሞቂያ ነገር ሲነሣ በዋናነት የሚታሰበው የገላ መታጠቢያ ውኃ ነው። 50 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ቦይለሩ ሌሊቱን በርቶ ሲያድር ደግሞ የቀዘቀዘውን እያሞቀ ይቀጥላል። በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር በፀሐይ ስለሚግል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ራሱ ያቃጥላል። የቆዩ ነዋሪዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው፦ ቦይለሩን አጥፍተው በሙቅ ውኃው ቧንቧ ይታጠባሉ፤ የጠፋው ቦይለር በቤት ውስጥ ስላለ በውስጡ ያደረው ውኃ በክፍሉ ሙቀት ልክ ይበርዳል። እንግዳ የሚመስል ነገር ነው፣ ግን ይሠራል፤ ከግንቦት ማብቂያ እስከ መስከረም ቦይለሩን ሳያበሩ የሚከርሙ ቤቶች አሉ።

ታኅሣሥና ጥር በአል ዐይንና በራስ አል ኸይማ ተራሮች አካባቢ ሌሊቱ በእርግጥ ይበርዳል። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚግለው ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ የወሰደውን አንድ ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይመልሳል። ሙቀት የመስጠት አቅም ያለው ኤሲ ግን ሙቀቱን ከውጭ አየር ስለሚሰበስብ ለተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ያህል ይሰጣል። መሣሪያው ይህ አቅም እንዳለው ለማወቅ በሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት መኖሩን ማየት ነው፤ በአካባቢው የሚሸጡት ብዙዎቹ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችሉ ናቸው። ይህ ሁሉ ባይገኝ ብርድ ልብስ ይደረባል እንጂ፣ የቡና ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ አይታደርም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።